ጋሪውን የሚመርጠው ደረጃው ነው

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ግራውንድ ላይ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ጥግ፣ ወደ ላይ ለማውጣት የከበደ ዕቃ ሁሉ ይጠራቀማል። ቢጫ ጀሪካን፣ ጎማው የተነፈሰ የልጆች ብስክሌት፣ ከዕድሳት የተረፈ ሴራሚክ። አንዳንዴ ከእነዚህ መካከል ከሁሉም ውድ የሆነው ዕቃ አቧራ ለብሶ ይታያል፦ ባለ ጥላ፣ ባለ ኩባያ ማስቀመጫ፣ ጎማው ገና ያልተበላ የሕፃን ጋሪ። ከውጭ አገር በሻንጣ መጥቷል ወይም ከቦሌ ሱቅ ተገዝቷል፤ የክርስትናው ዕለት ፎቶ ተነስተውበታል፤ ከዚያ ወዲህ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ የሚያወጣው ሰው ጠፍቷል። ሕፃኑ የት ነው ቢባል ሞግዚቷ ጀርባ ላይ ነው።

ቤተሰቡ ገንዘቡን ያባከነው በግዴለሽነት አይደለም። ጋሪውን ከደረጃው ሥር ያስቀመጠው በሰፊው የተለመደ አንድ እምነት ነው። እምነቱ ጥሩ ጋሪ ማለት ትልቅ፣ ሁሉን ያሟላና ውድ ጋሪ ነው ይላል። ለልጁ የማይሰስት ወላጅ ከሁሉ የበለጠውን ይገዛል፤ አቅሙ ያነሰው ደግሞ የቻለውን ያህል ወደዚያው ይጠጋል። ይህ አስተሳሰብ አዲስ አበባ ውስጥም፣ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ለንደንም አንድ ነው። ደግሞም ስህተት ነው። ጋሪ ለሕፃን የሚገዛ ቢመስልም የመንገድ ዕቃ ነው። ጫማ የሚረግጠውን መሬት አይቶ እንደሚመረጥ ሁሉ፣ ጋሪም በየትኛው ደረጃ እንደሚወጣ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በምን ዓይነት ንጣፍ ላይ እንደሚሄድና ማን እንደሚገፋው ሳይታወቅ ሊመረጥ አይችልም። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም የዋጋው ወረቀት አይመልስም።

የጋሪ ታሪክ ራሱ በዚህ ክርክር ውስጥ ምስክር ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው የሕፃን ጋሪ የሚባለው፣ እንግሊዛዊው የአትክልት ቦታና የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ዊልያም ኬንት እ.ኤ.አ. በ1733 ለዴቮንሻየር መስፍን ልጆች የሠራው ነው። ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ እንዲጎትተው የታሰበ ያጌጠ ሠረገላ ነበር። ይኸውም እናትን ከድካም ለማሳረፍ ሳይሆን የመኳንንትን ልጅ በሰፊ ግቢ ለማንሸራሸር የተሠራ ነው። ትልቅ ጋሪ ክብር ነው የሚለው ስሜት ከዚያ ግቢ ሳይወጣ የቀረ አይመስልም፤ ግቢው የሌለው ሰው እንኳ ይዞት ይዞራል።

ጋሪን ለተራ ሰው የሚጠቅም ዕቃ ያደረጉት ግን በተቃራኒው መንገድ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው ባልቲሞር ይኖር የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ዊልያም ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1889 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ጌጥ አልጨመረም። የሕፃኑ መኝታ በመጋጠሚያ እንዲዞርና ሕፃኑ ወደሚገፋው ሰው ፊቱን እንዲመልስ አደረገ። ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንዲዞሩ በማድረጉ ጋሪው በጠባብ ቦታ መታጠፍ ቻለ። ሁለቱም መሻሻሎች ከአንድ ጥያቄ የተነሱ ናቸው፦ የሚገፋው ሰው ምን ያስፈልገዋል?

ሁለተኛው ሰው ኦወን ማክላረን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀውን የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በመንደፍ የተሳተፈ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ልጁ ከቤተሰቧ ጋር ከሞስኮ ልትጠይቀው መጥታ ከባድ የሕፃን ጋሪ ስትጎትት አየ። የአውሮፕላን እግር እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ አያት፣ የልጅ ልጁ ጋሪ እንደ ጃንጥላ መታጠፍ አለበት ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1965 መብቱን ለማስመዝገብ ያቀረበው ባለ አሉሚኒየም ጋሪ ክብደቱ 3 ኪሎ አይሞላም ነበር። በአንድ እጅ ልጅ፣ በአንድ እጅ ጋሪ ይዞ አውቶቡስ መሳፈር የተቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሺህ ዶላር ከሚያልፉት ጋሪዎች ብዙዎቹ 12 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። ከማክላረን ጋሪ አራት እጥፍ መሆናቸው ነው።

ግዙፉ ጋሪ የሚያስቸግረው ገዢውን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 በሰሜን እንግሊዝ፣ ዳግ ፖሊ የተባለ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ከዌዘርቢ ወደ ሊድስ ለመሄድ አውቶቡስ ሊሳፈር መጣ። ለተሽከርካሪ ወንበር የተመደበውን ቦታ የተኛ ሕፃን ያለበት ጋሪ ይዞታል። ሹፌሩ እናቲቱን ቦታውን እንድትለቅ ጠየቃት፤ ጋሪው አይታጠፍም አለች። ፖሊ የራሱን ተሽከርካሪ ወንበር አጥፎ ተራ መቀመጫ ላይ ለመቀመጥ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ሹፌሩ ወንበሩን በደህና ማሰሪያ ቦታ ስለሌለ አልፈቀደለትም፤ ሰውየውም ቀጣዩን አውቶቡስ ለመጠበቅ ተገደደ። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ሹፌሮች ጠይቀው እምቢ ሲባሉ ዝም ማለት እንደማይበቃቸው ተወሰነ። እናቲቱን መውቀስ ቀላል ነው። ልጇ ተኝቷል፣ ጋሪው አይታጠፍም፣ ምን ታድርግ? ያ ችግር ግን የተፈጠረው አውቶቡስ ውስጥ ሳይሆን ጋሪው በተገዛበት ሱቅ ውስጥ ነው። በአውቶቡስ ለምትሄድ ሴት የማይታጠፍ ጋሪ መግዛት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወደድ፣ የተሳሳተ ግዢ ነው።

የውድ ጋሪ ጠበቆች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት መከላከያ ደህንነት ነው። «ለልጅ ሕይወት ዋጋ አይወጣለትም» ይላሉ። አባባሉ ልብ ይነካል፤ ሱቁ ውስጥ ሲነገር ግን ነፍሰ ጡርን ከአቅሟ በላይ ለማስወጣት ነው። በአሜሪካ ከመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋሪ ሁሉ ሊያሟላው የሚገባ አስገዳጅ የፌዴራል ደረጃ አለ፤ በአውሮፓ ደግሞ ኢኤን 1888 የተባለው መለኪያ አለ። ፍሬኑ፣ መቆለፊያው፣ የመገልበጥ ፈተናው በርካሹም በውዱም ላይ አንድ ነው። በኅዳር 2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ ሚሊዮን ያህል ጋሪዎች ማስተካከያ እንዲደረግላቸው ጥሪ ሲተላለፍ፣ ምክንያቱ ጋሪው ሲዘረጋ የልጆችን ጣት ጫፍ የሚቆርጥ ማጠፊያ ነበር። 12 ልጆች የጣታቸው ጫፍ መቆረጡ ሪፖርት ተደርጓል። ጋሪዎቹ የማክላረንን ስም የያዙ ነበሩ፣ ከላይ የተመሰገነው ሰው ስም። ዋጋቸው ከ100 እስከ 360 ዶላር ይደርስ ነበር። በ100 ዶላር የገዛውም በ360 የገዛውም ለዚያው ማጠፊያ መሸፈኛ ተሰጠው።

ሕፃንን የሚያድኑት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ ባቡር ጣቢያ፣ እናት እጇን ለአፍታ ከጋሪው ስታነሳ ጋሪው ተንከባሎ ከሚመጣ ባቡር ፊት ሐዲድ ላይ ወደቀ። ባቡሩ ገፍቶት ሄደ፤ ሕፃኑ በተአምር ቀላል ጉዳት ብቻ ደርሶበት ተረፈ። የመድረኩ ወለል ወደ ሐዲዱ በትንሹ ያዘነበለ ነበር። እንዲህ ላለው አደጋ መድኃኒቱ የሚረገጥ ፍሬንና ከእጅ አንጓ ላይ የሚጠለቅ ቀበቶ ነው፤ ሁለቱም በርካሽ ጋሪ ላይ ይገኛሉ። መርካቶ ወይም ሌላ ቦታ ያለ ምልክት የሚሸጥ ጋሪ እንዳለ አይካድም። መፍትሔው ግን ወደ ውዱ መሮጥ አይደለም። መለያው ላይ ኢኤን 1888 የሚል ጽሑፍ መፈለግ፣ ፍሬኑን ረግጦ መግፋት፣ ትከሻን፣ ወገብንና እግር መሐልን የሚያስር ባለ አምስት ነጥብ ቀበቶ መኖሩን ማየት ነው። ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ከእጀታው ላይ ከባድ ፌስታል ማንጠልጠሉን ቢተው ደግሞ ከብዙ ሺህ ብር ይበልጥበታል፤ ጋሪን ወደ ኋላ ከሚገለብጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ «ሦስት በአንድ» የሚባለው ነው። አንድ ሻሲ ላይ ጠፍጣፋ መኝታ፣ የመኪና ወንበርና መቀመጫ እየተፈራረቁ የሚገጠሙበት ጋሪ፤ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ስለሚገኝ ያዋጣል ይባላል። እዚህ ላይ ሻጩ የማያነሳው የሐበሻ ቤት ሥርዓት አለ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ እናትና ልጅ ከአራስ ቤት እምብዛም አይወጡም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ጠያቂ ነው ወደ እነሱ የሚመጣው። ጠፍጣፋው መኝታ የሚያስፈልገው ሕፃኑ ራሱን ችሎ መቀመጥ እስኪጀምር፣ ስድስት ወር ገደማ ድረስ ነው። ለሴት ልጅ ከዚያ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው አልጋ ላይ ያልቃል። የስብስቡን ዋጋ ከሚያንሩት ክፍሎች አንዱ ከሁሉ ባነሰ ጊዜ የሚያገለግለው ነው።

የመኪናው ወንበር ነገር ደግሞ ከወጪም በላይ ነው። ሕፃኑ መኪና ውስጥ ያንቀላፋል፣ ወንበሩ ተነቅሎ ጋሪው ላይ ይገጠማል፣ ልጁም ሳይነቃ ገበያ ይዞራል፤ ማስታወቂያው የሚሸጠው ይህን ምስል ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክሩ ግን ከፊል ተቀምጠው የሚያስተኙ ዕቃዎች፣ የመኪና ወንበርና ጋሪ ጭምር፣ ለዘወትር እንቅልፍ እንደማይመከሩ ይናገራል፤ በተለይ ከአራት ወር በታች ላሉት። አንገቱ ያልጠና ሕፃን አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ የአየር መተላለፊያው ይጠባል። መኪና ውስጥ ወንበሩ ግዴታ ነው፣ ሕይወት ያድናል። ከመኪና ሲወጣ ግን ልጁ ጠፍጣፋ ቦታ ወይም ሰው ላይ መሆን አለበት። ያዋጣል የተባለው ዋና ጥቅም ሐኪሞቹ አታዘውትሩት የሚሉት ነገር ሆኖ ተገኘ።

በአንድ ነገር ላይ ግን የውዱ ጋሪ ወገኖች እውነት አላቸው፤ እሱም ፊት ለፊት መተያየቱ ነው። በስኮትላንድ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ዚዲክ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በብሪታንያ መንገዶች ከ2 ሺህ 700 በላይ ወላጅና ልጅ ጥንዶች ተስተውለዋል። ልጁ ፊቱን ወደ ወላጁ ባዞረበት ጋሪ ወላጆች የሚያወሩት ከእጥፍ በላይ ነበር። በተጨማሪ 20 ሕፃናት በሁለቱም አቅጣጫ እየተገፉ ተፈትነዋል፤ ወደ እናታቸው ሲያዩ የልብ ምታቸው በመጠኑ ቀንሷል፣ የመተኛት ዕድላቸውም ጨምሯል። ሃያ ሕፃን ትንሽ ቁጥር ነው፤ የመንገዱ ትዝብትም ብዙ የሚያወሩ ወላጆች ያንን ጋሪ መርጠው ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ ይነሳበታል። ሆኖም የስምንት ወር ልጅ ከመኪና ጭስና ከሰው ጉልበት ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጦ ሲሄድ ዓለምን ያያል ተብሎ የሚሰጠው ምክንያት ደካማ ነው። ዓለምን የሚተረጉምለት ድምፅ ከኋላው ነው፤ ፊቱ ቢታየው ይበልጥ ይገባዋል።

ሪቻርድሰን በ1889 የፈጠረው የሚዞር መኝታ ከመቶ ዓመት በኋላ የውድ ጋሪዎች መለያ ሆኖ መገኘቱ ያሳዝናል። ገንዘብ መውጣት ካለበት በመጀመሪያው ዓመት ለዚህ ይውጣ። ሆኖም የሚዞር መቀመጫ ሌላ፣ ግዙፍነት ሌላ ነው። ቀለል ያሉና የሚዞሩ ጋሪዎች አሉ፤ ሻጩ እስኪጠየቅ ድረስ አያወጣቸውም እንጂ።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ ሳይነሳ ማለፍ የለበትም። የሐበሻ እናት ልጇን ከምችና ከሰው ዓይን ለመከለል ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ ትጥልበታለች። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ላይ የሚጣል ነጠላ ከጎን ነፋስ ያገኛል፣ እናቲቱም ሙቀቱን በገላዋ ታውቃለች። ጥልቅ ጋሪ ላይ የተጣለ ጨርቅ ግን ክዳን ነው። የስዊድኑ ስቬንስካ ዳግብላዴት ጋዜጣ በ2014 እ.ኤ.አ. በሞቃት ቀን ባደረገው ሙከራ፣ ሳይሸፈን 22 ዲግሪ የነበረ ጋሪ በቀጭን ጨርቅ ተሸፍኖ በግማሽ ሰዓት 34፣ በአንድ ሰዓት 37 ዲግሪ ደረሰ። የአዳማን ወይም የድሬዳዋን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ መንገድ እንመለስ፤ የክርክሩ ልብ እዚያ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በከተማዋ ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ግራውንድና አራት ፎቅ ሆነው አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። የ12 ኪሎ ጋሪ፣ የ7 ኪሎ ሕፃን፣ የዳይፐርና የጡጦ ቦርሳ አንድ ላይ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ይህን አራተኛ ፎቅ የሚያወጣው ገዢው አይደለም፤ እናቲቱ ወይም ሞግዚቷ ናት። ከሰፈር ስትወጣ ኮብልስቶን አለ። እዚህ ላይ የትናንሽ ጋሪዎችም ጉድለት በግልጽ ይነገር፦ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈው ጋሪ ጎማው ትንሽ ስለሆነ ኮብልስቶን ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ያልጠና ሕፃንም አይጫንበትም። ትልቅ ጎማ ያለው ጋሪ እዚያ ይሻላል፤ ደረጃውን ግን አይወጣም። ቀጥሎ ሚኒባስ አለ። ሰው ተጭኖ ሰው በሚጠራበት ሚኒባስ ረዳቱ የማይታጠፍ ጋሪ የት ያስቀምጥ?

የኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሰፋው የእግረኛ መንገድና እንደ እንጦጦ፣ እንደ ወዳጅነት ያሉት ፓርኮች ጋሪ የሚገፋበት ቦታ ፈጥረዋል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ግን ከሰፈር እስከዚያ መድረስ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው በብዙ ሰፈር ትክክለኛው መልስ ሁለት ነገር የሚሆነው፦ ለደረጃው፣ ለኮብልስቶኑና ለሚኒባሱ ማዘል፤ ለለስላሳው መንገድ ደግሞ፣ ልጁ መቀመጥ ከቻለ በኋላ፣ ስድስት ኪሎ ገደማ የሆነ በአንድ እጅ የሚታጠፍ ጋሪ። በለንደን በርካታ የባቡር ጣቢያዎች ላይ አሳንሰር ለማያገኝ ወላጅም ይኸው ይሠራል። የዋሽንግተን ሜትሮ ግን በየጣቢያው አሳንሰር ስላለው፣ ቤቷ ምድር ላይ የሆነ እናት ከባዱን ጋሪ ብትመርጥ አትሳሳትም። መንገዱ ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል።

ማዘል የሚለው ቃል ሲነሳ የሚሸማቀቅ አለ። አንቀልባ የድሃ፣ ጋሪ የሠለጠነ ተደርጎ ስለሚታይ ብዙ ወጣት እናቶች ጀርባቸው ላይ ልጅ ይዘው መታየትን ያፍራሉ። በቆዳ ተሠርቶ በዛጎል የሚያጌጠው አንቀልባ ግን ማንም የሠለጠነ ዕቃ የማይሠራውን ይሠራል፦ ደረጃ ይወጣል፣ ጭቃ ይሻገራል፣ ሁለት እጅ ነፃ ያደርጋል። እግሮቹን በወላጁ ወገብ ዙሪያ ከፍቶ የሚታዘል ልጅ ዳሌው ለዕድገት በሚስማማ ሁኔታ ላይ ነው። በማላዊ የአጥንት ሐኪሞች ከ40 ሺህ በላይ ልጆች የታከሙበትን የአሥር ዓመት መዝገብ አገላብጠው በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ለዳሌ መገጣጠሚያ አለማደግ የታከመ አንድም ልጅ እንዳላገኙ ገልጸው፣ ምክንያቱ ማዘል ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። እርግጥ የጥቂት ሳምንት ጨቅላ ጀርባ ላይ ሲሆን ፊቱ አይታይም፤ በዚያ ዕድሜ ከፊት፣ ፊቱ እየታየ፣ አገጩ ከደረቱ ተነስቶ ቢያዝ ይሻላል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ዛሬ በብዙ ዶላር የሚሸጡት የጨርቅ ማዘያዎች የሚሠሩት ያንኑ ሥራ ነው። የአዲስ አበባዋ እናት የምታፍርበትን ዕቃ የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት በኩራት ለብሳው ትሄዳለች።

የስጦታው ነገር ይቀራል። ብዙው ጋሪ ወደ አገር ቤት የሚገባው በእህት ወይም በአክስት ፍቅር ነው፤ ላኪዋ ከደመወዟ ቆጥባ ትልቁን ትመርጣለች፣ ትንሽ ብትልክ «ሰስታ ነው» እንዳይባል። ያንን ፍቅር ማንም አይንቅም። ግን ሱቁ ውስጥ ቆማ ከዋጋው ወረቀት ይልቅ ስልኳን ብታወጣ፣ የሕፃኑን እናት ደውላ አራት ነገር ብትጠይቅ ይበቃል። ስንተኛ ፎቅ ናችሁ? ከቤት እስከ ታክሲ መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን? ልጁን ቀን ቀን የሚይዘው ማነው? መቀመጥ ጀምሯል? ከዚያ ሻጩ ጋሪውን አጥፎ እንዲሰጣት ትጠይቅ፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻ፣ ጋሪውን በሌላ እጇ አንጠልጥላ የሱቁን ደረጃ ሁለቴ ወጥታ ትውረድ። ሁለተኛው ዙር ላይ ትንፋሽዋ ከተቆራረጠ ጋሪውን ባለበት ትተወው።